የዛሪማ ዓሣዎችና እህቴ ያልቀደደችው ገጽ

ባለፈው ወር ዳባት ላይ ቆሜ የደባርቅ መኪና ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ዘወር ስል ወዲያው አላወቅኋቸውም። ጥርሳቸው አልቋል፤ ወገባቸው ጎብጧል። ግራ እጃቸው ላይ ግን ከአውራ ጣታቸው እስከ አንጓቸው የሚወርድ የቆየ ጠባሳ አለ። ጠባሳውን ሳይ አወቅኋቸው። ጋሽ አያሌው ናቸው፤ ድሮ ደባርቅ ከገበያው በላይ መስተዋት ይቆርጡ የነበሩት።

«አንተ የአስተማሪዋ ወንድም አይደለህም?» አሉኝ።

«ነኝ፣ ጋሼ።»

«ያች የዓሣ ባለጉዳይ! እንዴት ናት? ዓሣዎቿን ዳረቻቸው ወይስ አሁንም ትቆጥራቸዋለች?» ብለው ሳቁ።

እኔም ልስቅ አልሁና አፌ እንቢ አለኝ። «ዐርፋለች፣ ጋሼ። ዓመት ሊሞላት ነው» አልኋቸው።

ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ «ሁለቱ ሣጥን በአንዲት ክር ካልተካከለ አልወስድም ብላ ሦስት ጊዜ አስፈርሳኛለች» አሉ። «ሦስት ጊዜ! እንዲህ ያለውን ሰው መሬት እንዴት ትበላዋለች?» መኪናው መጣ፤ ተሳፈርሁ። ከዳባት ደባርቅ መንገዱ አጭር ነው፤ ዛሬ አስፋልት ሆኗል። ያን ቀን ግን ረዘመብኝ። በመስኮት የገብሱን ማሳ እያየሁ ነገሩን ሁሉ ከሥሩ ሳስታውስ ሄድሁ። እኔ ጽሑፍ አልችልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ እዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። ይህን ግን ልሞክረው።

ዓመተ ምሕረቱን በትክክል ብጽፍ እዋሻለሁ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ያለፈው ጊዜ ነው። ደባርቅ ባጃጅ አልገባባትም፤ ሞባይልም የለም። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ዳቦ ከሻይ ጋር የሚያዝዝ ሰው እንደ ሀብታም ይታያል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሳልባጅ በክምር ይፈሳል፤ ከየአገሩ የመጣ የነጭ ሹራብና ካፖርት። ብርዱ ብርድ ነውና የገበሬው ሽማግሌ በጋቢው ላይ ደረቱ ላይ ምን እንደተጻፈበት የማያውቀው ቀይ ጃኬት ደርቦ ሲሄድ ብታይ አትገረምም። እኛ ጎረምሶቹ ሸራ ጫማ በኖራ እያነጣን እናደርጋለን። ራስ ደጀንን ሊወጡ የሚመጡ ፈረንጆችን ጫማ አይተን «ይሄ ጫማ ነው ወይስ መኪና?» እንላለን። ቤታችን ወደ ሊማሊሞ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ከፊት ለፊታችን የካሴት ሱቅ አለ፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በራፉ ላይ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸዋል። አንድ ካሴት ከወደደ ለሁለት ሳምንት ሌላ አይሰማም። እናታችን መዝሙር ይሁን ዘፈን ሳትለይ አንዳንዱን በቃሏ ይዛው እየጠረገች ስታንጎራጉር እንስቅባት ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ባለ ፎቅ ሆቴል ቆሟል። በዚያ ሳልፍ ጆሮዬ አሁንም ካሴቱን ይጠብቃል።

እህቴ ትርንጎ ትባላለች፤ እኔ እታለም ነው የምላት። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ እሷ ናት ለቤቱ ወንድም ሴትም የሆነችው። ከሳልባጅ የገዛችውን ጥቁር የወንድ የቆዳ ጃኬት ለብሳ በላዩ ነጭ ነጠላ ጣል ታደርጋለች። እንደዚያ ሆና ስትሄድ ከሩቅ ትታወቃለች። ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። ያላት ዲፕሎማ ነው፤ ዲግሪዋን ክረምት ክረምት እየሄደች ትማር ነበር። በመጨረሻው ዓመት ሁሉም የመመረቂያ ጥናት ሠርታችሁ ኑ ተባሉ። ጓደኞቿ ስለ ባሕር ዛፍ፣ ስለ ጉድጓድ ውሃ መረጡ። እታለም ጫት መረጠች። ጫት በዓሣ ጠባይ ላይ ምን ያደርጋል የሚል ነው። ለምን በዓሣ እንዳለች ጠይቄያታለሁ። «በሰው አይሞከርም። አይጥ ደግሞ እማዬ ቤት አታስገባም» አለችኝ። ለምን ጫት እንዳለች ግን አልጠየቅኋትም። ማትሪክ ሲደርስ ግማሹ ክፍል ለጥናት እያለ ይቅም እንደነበር ታውቃለች። እኔም ሦስት ቀን ቅሜ አንድ ገጽ ሳልይዝ ፈተናው ላይ እንደተቀመጥሁና እንደወደቅሁ ታውቃለች። ከወደቅሁ በኋላም ከአይሱዙ ረዳቶች ጋር እየዋልሁ መቃሜን አልተውሁም። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ተናግራኝ አታውቅም። ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠችኝና «ከዛሬ ጀምሮ ቆጣሪዬ አንተ ነህ» አለችኝ።

ዓሣው ከዛሪማ ወንዝ ነው የመጣው። ሊማሊሞን ወርዶ፣ ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ፣ ሙቀት ያለበት ቆላ ነው። በአይሱዙ ወረድን። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ከታች ያለው መንገድ ከእግርህ ሥር እንደ ተጣለ መቀነት ይታያል። ወንዙ ውስጥ ገብተን በአሮጌ ነጠላ ጣት የሚያህሉ ዓሣዎች አጠመድን። ነጠላውን ሁለታችን ጫፍና ጫፍ ይዘን ከውሃው ሥር እንዘረጋዋለን፤ ዓሣው ሲያልፍ እናነሳለን። ሃያ ያህሉን በጀሪካን አድርገን ስንመለስ፣ ትንፋሽ እንዳያጥራቸው እኔ በብስክሌት መንፊያ ጀሪካኑ ውስጥ አየር እነፋለሁ። ሾፌሩ በመስተዋቱ እያየኝ «ቲቸር፣ ጀሪካኑ ውስጥ ጠላ ነው እንዴ ወንድምሽ እንዲህ የሚያፈላው?» አላት።

«ተማሪዎቼ ናቸው» አለችው።

«አይ፣ ጥሩ ተማሪዎች ናቸው፤ አይረብሹም።»

ደባርቅ ሲደርሱ ስምንት ያህሉ በብርዱ ሞቱ። አሥራ ሁለቱ ተረፉ። ስድስቱን በቀኙ ሣጥን፣ ስድስቱን በግራው፤ ጋሽ አያሌው ሦስት ጊዜ ፈርሶባቸው በሠሯቸው መስተዋቶች ውስጥ አደረገቻቸው። ከላያቸው አምፖል ሰቀለችላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ሣጥኖቹን የአባታችንን በርኖስ እናለብሳቸዋለን። ከሥራቸው ወረቀት አነጠፍን፤ ወረቀቱ ላይ ሦስት ቦታ የሚከፍል መስመር አለ። የእኔ ሥራ አንዱን ዓሣ በዓይኔ ይዞ በአምስት ደቂቃ ስንት ጊዜ መስመሩን እንደሚሻገር መቁጠር ነው። አራት ጭረት፣ አምስተኛውን በላያቸው ማጋደም። ሲቆጠር ድምፅ አይፈለግም፤ የካሴቱ ጩኸት መስተዋቱን ያንቀጠቅጠዋል። እታለም ሄዳ ባለ ሱቁን ለመነችው። ደግ ሰው ነበር፤ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ካሴቱን ያቆምላታል። ሰፈሩ ሁሉ ለመደው። ዘፈኑ ቀጥ ሲል ሴቶቹ በየበራፉ «ዝም በሉ፣ የዓሣ ሰዓት ነው» ይባባሉ ነበር። አንድ አገር ለእህቴ ዓሣ ዝም ሲል ያየሁት እኔ ነኝ። ይህን ሳስብ አሁንም ደረቴ ይነፋል።

ጫቱን የምገዛው እኔ ነኝ። ሴት አስተማሪ ጫት ስትገዛ ከታየች አለቀላት። እኔ ስገዛ የሚደነቅ የለም። ሻጩ «ሙሌ፣ ዛሬ ደግሞ ሁለት እስር? ለማን ነው?» ይለኛል።

«አንዱ ለዓሣ ነው።»

«ዓሣም ጀመረ? ወይ ስምንተኛው ሺህ!»

እታለም እናታችን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቅጠሉን እርጥቡን ትወቅጠዋለች፤ ከደረቀ ኃይሉ ይጠፋል ትላለች። በውሃ ዘፍዝፋ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ፣ በጠርሙስ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ በመርፌ መስጫ ስሪንጅ ለክታ ለቀኙ ሣጥን ትሰጣለች። ለግራው ደግሞ በሌላ ስሪንጅ በዚያው ልክ ባዶ ውሃ ትጨምራለች፤ የአንዱ ሣጥን ውሃ ተረብሾ የሌላው እንዳይቀር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደረገች። እናታችን ወይዘሮ ዘውዴ ጾመኛ ናት፤ ጫት የሚባል ነገር በደጇ እንዲያልፍ አትወድም። እኔ ስቅም እንኳ እውጭ ነው። ስለዚህ እታለም ጠርሙሱን «ቫይታሚን ነው» አለቻት። አንዲት ቃል ናት። እናታችንም «እሰይ፣ ይደጉልሽ» አለች።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ እታለም እንዳሰበችው ሆነ። የግራዎቹ ተረጋግተው ይዋኛሉ፤ አሥር፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ይሻገራሉ። የቀኞቹ ሠላሳ፣ አርባ። ይሮጣሉ፤ አፍንጫቸውን ከመስተዋቱ ጋር ያጋጫሉ፤ መውጫ ያለ ይመስል አንዱን ጥግ ደጋግመው ይገፋሉ። ምግብ ሲጣልላቸው ያዩታል እንጂ አይነኩትም። እሑድ እሑድ ደግሞ አትሰጣቸውም፤ ያን ቀን ከሥር ተኝተው ይውላሉ። እኔ እቆጥራለሁ። ጉንጬ ውስጥ የያዝሁት ጫት ከነአፌ ደረቀብኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ስለ ዓሣ ብዬ ጫት ተውሁ ብዬ አልዋሽም። ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ቅሜያለሁ። ብቻ እሑድ እሑድ ያን ሣጥን ማየት አልወድም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። የግራዎቹ ባዶ ውሃ የሚሰጣቸው ዓሣዎች መሮጥ ጀመሩ። ሃያ አምስት፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ ሦስት። እታለም የእኔን ደብተር ይዛ ራሷ ተቀምጣ ቆጠረች፤ ያው ነው። አምፖሉ አሙቋቸው ይሆናል ብላ አምፖሉን ከፍ አደረገችው። ውሃው ይሆናል ብላ ውሃውን ለወጠች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። ጥናቱ በሰኔ ማለቂያ መግባት አለበት፤ ካልገባ አትመረቅም። ያን ጊዜ ክብደቷ ቀነሰ፤ ጃኬቱ ሰፋት። አንድ ቀን ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። በልኩ በቀለም ምልክት አድርጋበት ኖሯል።

«ሙሉቀን» አለችኝ። ሙሌ ካልተባልሁ ነገር አለ ማለት ነው። «ይህ እኔ ከሰጠሁት በላይ ጎድሏል።»

«እና?»

«እየጠጣኸው ነው?»

ደነገጥሁ። መቃሚያዬን በኪሴ ይዤ የምዞር ሰው ነኝ፤ የዓሣ ትራፊ ልጠጣ? «የኔን ውርደት እስከዚህ አደረስሽው?» አልኋት። ደብተሩን ሣጥኑ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ሁለት ቀን ከረዳቶቹ ጋር አይሱዙ ውስጥ አደርሁ። እውነቱን ልናገር፤ ያናደደኝ መጠርጠሬ ብቻ አልነበረም። ሊጠረጠር የሚችል ሰው መሆኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ራሷ መጥታ በጆሮዬ ይዛ አስገባችኝ፤ በዚያ ዕድሜዬ። እታለም ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች። እናታችን ጓዳ ገባች፤ ባዶውን ጠርሙስ ይዛ ወጣች።

«ይልቅ ጭቅጭቁን ተዉና ይህን ቫይታሚን አምጡ፤ አልቋል» አለች። «የቀኞቹ ቢችሉም የግራዎቹ ለምደውታል፤ አይችሉም።»

እታለም ቀና አለች። «የግራዎቹ?»

«አዎ፤ እኔ በማንኪያ እሰጣቸዋለሁ፤ አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ። በፋሲካ ነው የጀመርሁላቸው።»

«እማዬ! ለምን?»

«ለምን ትለኛለች! አሳፈርሽኝ እኮ። ለእነዚያ ቫይታሚን፣ ለእነዚህ ባዶ ውሃ! ያውም ጎን ለጎን አስቀምጠሽ፣ በመስተዋት እየተያዩ! አንዱ ሲበላ አንዱ ዓይን ዓይኑን እያየ ይውላል? በፋሲካ? የት አየሽ ከዚህ ቤት?»

እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ የእታለምን ፊት አይቼ አቆምሁ። ተነስታ እናታችን እግር ሥር ተቀመጠች። «ቫይታሚን አይደለም፤ ጫት ነው» አለቻት። «ዋሽቼሻለሁ።»

እናታችን ማንኪያ የያዘች ይመስል ቀኝ እጇን አገላብጣ አየችው። «እኔ በዚህ እጄ ጫት አቃምሁ?» አለች። «በበዓለ ሃምሳ?» ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች። ስትመለስ ቁጣዋ በርዷል፤ እንዲያውም ተኮሳትራ ሳቋን ትይዝ ነበር። «ምን አሉሽ?» ስላት «‹ዓሣው ንስሐ አይገባም፤ አንቺ ሃምሳው ሲያልቅ ዐርባ ስገጂ፤ ልጂቱ ደግሞ እናቷን መዋሸት ትተው› አሉኝ» አለች።

ሰኔ ሊገባ ነው። ከፋሲካ ወዲህ የተቆጠረው ሁሉ ዋጋ የለውም። እታለም ሁለት ቀን አስተማረች፤ ተመለሰች፤ ተኛች። እኔ አዘንሁላት። ስለ ጥርጣሬውም ይቅር ብያት ነበር፤ እሷም ይቅርታ ጠይቃኛለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ንጹሕ ደብተር ገዛሁና ብቻዬን ተቀምጬ ቆጠራውን አስተካክዬ ጻፍሁ። ከፋሲካ በፊት የነበረውን አይቼ፣ የግራዎቹን አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፤ የቀኞቹን ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስምንት። እንዳያስታውቅ አንዳንዱን ዝቅ፣ አንዳንዱን ከፍ አደረግሁ። ጥሩ ሥራ ነበር። ሰጠኋት።

ቆማ አገላበጠችው። «ይህን ማን ቆጠረው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«እታለም፣ እኛ እኮ እናውቀዋለን» አልሁ። «እማዬ ባትነካው ኖሮ ይኸው ነበር የሚሆነው። ውሸት አይደለም፤ የቀረውን መሙላት ነው።»

«ሙሌ» አለችኝ፤ ድምፅዋ አልጨመረም። «እኔ ለእማዬ አንዲት ቃል ዋሸሁ፤ ይኸው አምስት ሳምንት በላችብኝ። አንተ አንድ ደብተር ሙሉ ነው የምትሰጠኝ። ይህስ ስንት ይበላል?» ደብተሩን አልቀደደችውም። መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችውና «ለሌላ ነገር ይሆንሃል» አለችኝ። ጫማዋን አጥብቃ ወደ መኪና መቆሚያው ወጣች። ወደ ዛሪማ የሚወርድ መኪና ልትጠይቅ ነው፤ ጫት የለመዱት ዓሣዎች ለቆጠራ አይሆኑም።

በዚህኛው ጉዞ እናታችን «እኔ ያበላሸሁትን እኔ አመጣለሁ» ብላ አልቀርም አለች። ዝናቡ ጀምሯል፤ ሊማሊሞ ጭቃ ነው፤ ከላይ ጉም ተኝቷል። ሾፌሩ በየመታጠፊያው እያማተበ ወረደ። ዛሪማ ስንደርስ ሙቀቱ እናቴን መታት። ወንዙ ሞልቷል፤ የእኛ አሮጌ ነጠላ በጎርፉ ተቀደደ። እናቴ የፋሲካ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ሰጠችን፤ ባለ ጥለቱን። «እማዬ፣ ይበላሻል» አለቻት እታለም።

«ያንቺ ዓሣ ተበላሽቶ የኔ ነጠላ ይተርፋል? ይልቅ ያዢ!»

እሷም ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገባች። ከደባርቅ በቀር ብዙ አገር ያላየች ሴት፣ በቆላ ወንዝ ውስጥ ቆማ «በዚህ! በዚህ መጣልሽ!» እያለች ስትጮህ አሁንም ትታየኛለች። አሥር ዓሣ ያዝን፤ ስምንቱ በሕይወት ደባርቅ ደረሱ። አራት በቀኝ፣ አራት በግራ። ሊጀመር ሲል እናታችን ሁለቱን ሣጥን ቆማ አየቻቸውና «ለአንዱ ሰጥተሽ አንዱን መንሳትሽ ግዴታ ከሆነ እሺ» አለች። «ግን አይተያዩ።» ከጓዳ ካርቶን አምጥታ በሣጥኖቹ መካከል አቆመች። እታለም ልታነሳው እጇን ዘረጋችና ቆመች። ካርቶኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በሁለቱም በኩል በማስቲሽ ለጠፈችው።

አሥራ አራት ቀን ቆጠርን። ባለ ካሴቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝም አለልን። እናታችን በዚያ ሰዓት ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች፤ «እጄ አይታመንም» ትላለች። ቁጥሩ ትንሽ ነበር፤ ዓሣው ትንሽ ነበር። ግን የተቆጠረ ነው። እታለም ጻፈችው። በመካከሉ አንድ ገጽ ሙሉ ስለ መጀመሪያው ሙከራ አስገባች፤ እንዴት እንደተበላሸ። የእናታችንን ጥፋት ትጽፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። የጻፈችው የራሷን ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ነገር ለቤተሰቤ በሐሰት ስለተናገርሁ ሙከራው ተበላሽቷል ይላል።

ክረምት ላይ ጥናቷን ለማቅረብ ስትሄድ ሣጥኖቹን ተሸክሜ አብሬ ሄድሁ። ባዶ ናቸው፤ ግን ታሳያቸዋለች። የኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ሦስት ፈታኞች ነበሩ። የቆዳ ጃኬቷን አውልቃ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ስትቆም እህቴ መሆኗን ረሳሁት። ስታስረዳ አልተንቀጠቀጠችም። አንደኛው ፈታኝ ስለ ካርቶኑ ጠየቃት፤ በሣጥኖቹ መካከል ለምን እንዳቆመችው። «ዓሣ የጎረቤቱን ሩጫ ካየ እሱም ሊሮጥ ይችላል። መጀመሪያ አላሰብሁበትም ነበር» አለች። «ሐሳቡ የእናቴ ነው።» ሰውየው ጻፈ። «እናትሽ ምን አጥንተዋል?» አላት። «ጎረቤት» አለች። ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

ሁለተኛው ግን አልሳቀም። ያቺን የስህተት ገጽ በጣቱ ይዞ «ይህን ለምን አስገባሽው?» አላት። «ብትተዪው ጥናትሽ ንጹሕ ነው። ቀደሽ ብታወጪው ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች። እጇን ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ ዘረጋች። «እሱም ያውቃል። የቆጠረው እሱ ነው።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያደረግሁት ሳልባጅ ሹራብ ነው፤ ክርኑ ተቀዷል። ማትሪክ የወደቀ ሰው በእንዲህ ያለ ቤት ሲዞሩበት ምን እንደሚሰማው ያልደረሰበት አያውቀውም። ቀና አልሁ።

ያገኘችው ውጤት መካከለኛ ነው፤ ዓሣው ጥቂት ስለሆነ ነው ተባለ። ተመረቀች። ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት አስተማረች። እናታችን እስክትሞት ድረስ «ዲግሪዋን እኮ ያሠራኋት እኔ ነኝ» እያለች ለመንደሩ ስትተርክ ኖረች። እታለም ስትታመምም ሳትታመምም ያስተማረቻቸው ልጆች ከየአገሩ እየመጡ ይጠይቋት ነበር። በለቅሶዋ ላይ ብዙ ሰው ተናገረ። ዳይሬክተሩ ተናገረ፤ ተማሪዎቿ ተናገሩ። ወንድሟ አንድ ቃል ይበል ብለው አቆሙኝ። ቆምሁ። አንድ ቃል አልወጣኝም፤ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ያን ቀን ልናገረው የነበረው ይህ ነው።

ጥናቷን አቅርባ እንደወጣን፣ ከመኪናው በፊት ሻይ ቤት ገባን። እኔ ተናድጃለሁ። «በሰው ፊት ለምን ጠቆምሽኝ? አፈርሁ እኮ» አልኋት። ስኳሩን ስታማስል ቆየች። ማማሰሏን አላቆመችም።

«ብቻዬን ብሆን ኖሮ» አለችኝ፣ «ገጹን እቀድደው ነበር፣ ሙሌ።»